ኒውክሌር፣ ነፋስ፣ ፀሐይ ወይስ ውሃ? ከሰሜን ሸዋ ሆኖ ለሚያመዛዝን ሰው

ሕዳሴ ግድብ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመረቀ። በዚያው ሰሞን መንግሥት የኒውክሌር ኃይል ማመንጫ የመገንባት ሐሳብ እንዳለው አስታወቀ። በመስከረም 2018 ደግሞ ከሩሲያው ሮሳቶም ጋር የድርጊት መርሐ ግብር ተፈረመ። ከዚያ ወዲህ ደብረ ብርሃን ቡና ላይ ከተቀመጣችሁ ወሬው መነሳቱ አይቀርም። "ግድቡ አልቆ እያለ ኒውክሌር ለምን?" የሚል አለ። "በነፋስና በፀሐይ አገር አያድግም፣ አቶም ነው እንጂ" የሚልም አለ። "መጀመሪያ የሰፈራችንን ትራንስፎርመር ይቀይሩልን" የሚለው ግን ይበዛል።

አቋሜን ቀድሜ ላስቀምጥ። ኒውክሌርን አልቃወምም። እንዲያውም ከ20 ዓመት በኋላ ይህች አገር ሊያስፈልጋት እንደሚችል አምናለሁ። ዛሬ ለሰሜን ሸዋ ምረጥ ብባል ግን ተራው የነፋስና የፀሐይ ነው፣ ሕዳሴን ተደግፈው። ለምን እንደዚያ እንደምል ላስረዳ፤ ማመዛዘኑ የእናንተ ነው።

ሜጋ ዋት ብቻውን አያወዳድርም

ብዙ ክርክር የሚበላሸው እዚህ ጋ ነው። ሜጋ ዋት ማለት ማመንጫው በሙሉ አቅሙ ሲሠራ በአንድ ጊዜ የሚሰጠው ኃይል ነው። ዓመቱን ሙሉ ስንት ያመርታል የሚለው ሌላ ጥያቄ ነው።

ሕዳሴ 5,150 ሜጋ ዋት ነው። ግብፅ በሜድትራንያን ዳር እየገነባችው ያለው የኤል ዳባ ኒውክሌር ጣቢያ ደግሞ 4,800 ነው። ላይ ላዩን ካያችሁት ሕዳሴ ይበልጣል። ሕዳሴ በዓመት ያመርታል ተብሎ የሚጠበቀው ግን ወደ 15,700 ጊጋ ዋት ሰዓት ነው። የወንዙ ውሃ ክረምትና በጋ አንድ አይደለም፤ ተርባይኖቹም ሁሉም ሁልጊዜ አይዞሩም። የኒውክሌር ጣቢያ በአንጻሩ ከዓመታዊ አቅሙ 90 በመቶ ያህሉን ማምረት ይችላል። በዚህ ስሌት ኤል ዳባ ሲያልቅ በዓመት ከ37,000 ጊጋ ዋት ሰዓት በላይ ይሰጣል። ከሕዳሴ እጥፍ በላይ ማለት ነው።

ይህን የማነሳው ኒውክሌርን የሚያጣጥሉ ሰዎች ስለሚዘሉት ነው። ሪአክተር ሌሊትና ቀን፣ ድርቅና ጭጋግ አይለይም። ነዳጁ የሚቀየረው ከ12 እስከ 18 ወር ባለው ጊዜ አንዴ ነው። አየር በመበከልም ከነፋስ አይብስም። የተባበሩት መንግሥታት የአየር ንብረት ሳይንቲስቶች እ.ኤ.አ. በ2014 ባወጡት ግምገማ፣ ከግንባታ እስከ መዝጊያ ያለው ሁሉ ተደምሮ ኒውክሌር በአንድ ኪሎ ዋት ሰዓት 12 ግራም ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው የሚለቀው። ነፋስ 11 ግራም፣ የድንጋይ ከሰል 820 ግራም ነው።

ነፋስ ጥሩ ቦታ ላይ ተተክሎም ብዙውን ጊዜ የሚያመርተው ከዓመታዊ አቅሙ ሲሶ ገደማ ነው። ሶላር ደግሞ ከአምስት አንድ እስከ ከአራት አንድ። ስለዚህ ባለ 1,000 ሜጋ ዋቱን ሪአክተር በነፋስ ልተካ የሚል ሰው 2,700 ሜጋ ዋት ያህል መትከል አለበት። "ነፋስ ርካሽ ነው" ሲባል ይህን አብራችሁ አስሉ።

ጊዜና ገንዘብ

ሚዛኑ የሚገለበጠው እዚህ ላይ ነው።

በአዲስ ጀማሪ አገር ከተሠሩት የኒውክሌር ጣቢያዎች በስኬት የሚጠቀሰው የተባበሩት አረብ ኤምሬትስ ባራካህ ነው። ግንባታው እ.ኤ.አ. በ2012 ተጀመረ። አራተኛው ሪአክተር ሥራ የጀመረው በ2024 ነው። 5,600 ሜጋ ዋት አለው፤ የአገሪቱን ኤሌክትሪክ ሩብ ያህል ይሸፍናል። ወጪው ከ20 ቢሊዮን ዶላር በላይ ነው። ይህ እንግዲህ የነዳጅ ሀብት ያላት፣ ወደብ ያላት፣ ገንዘብ የማያሳስባት አገር ውጤት ነው። በኒውክሌር የሰለጠነችው ፈረንሳይ እንኳ የፍላማንቪልን ሦስተኛ ሪአክተር በ2007 ጀምራ ከመስመር ጋር ያገናኘችው በ2024 መጨረሻ ነው። ቱርክ አኩዩን በ2018 ጀመረች፤ በ2023 ኃይል ይሰጣል የተባለው ቀነ ገደብ አልፏል።

ግብፅ ለኤል ዳባ ከሩሲያ የ25 ቢሊዮን ዶላር ብድር ወስዳለች፤ የወጪውን 85 በመቶ የሚሸፍን ነው። የመንግሥታቱ ስምምነት የተፈረመው እ.ኤ.አ. በ2015 ሲሆን የመጀመሪያው ሪአክተር ኮንክሪት የፈሰሰው በ2022 ነው። ፊርማና ኮንክሪት መካከል 7 ዓመት አለ ማለት ነው። ዓለም አቀፉ የአቶሚክ ኃይል ኤጀንሲም አንድ አገር ከሐሳብ ተነስቶ መብራት እስኪያበራ ከ10 እስከ 15 ዓመት ይፈጃል ይላል። በመላው አፍሪካ ዛሬ ለሕዝብ መብራት የሚሰጠው የኒውክሌር ጣቢያ የደቡብ አፍሪካው ኩበርግ ብቻ ነው፤ ከ1984 ጀምሮ።

"ሕዳሴስ ቢሆን 14 ዓመት አልፈጀም ወይ?" ትሉኝ ይሆናል። ፈጅቷል። ልዩነቱ ሕዳሴ በዋናነት በብር፣ በቦንድና በመዋጮ የተሠራ መሆኑ ነው፤ ሲዘገይም በዶላር ወለድ የሚቆጥርብን አበዳሪ አልነበረም። የኒውክሌር ጣቢያ አብዛኛው ወጪ መጀመሪያ ላይ ነው የሚወጣው። ስለዚህ የዘገየ እያንዳንዱ ዓመት ወለድ ይጨምራል። የውጭ ምንዛሪ ለሚያጥራት አገር ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

አሁን አዳማን ተመልከቱ። አዳማ 2 የነፋስ ማመንጫ 102 ማማዎች አሉት። በድምሩ 153 ሜጋ ዋት ነው፤ ግንባታው ሁለት ዓመት ገደማ ነው የወሰደው። የመጀመሪያው ማማ ቢበላሽ 101 ይዞራሉ። ሃሳቡ ቢቀየር በግማሽ ማቆም ይቻላል። ግማሽ ሪአክተር ግን ምንም አያበራም።

ሌላም አለ። አንድ የሕዳሴ ተርባይን 400 ሜጋ ዋት ነው። ሩሲያ ለግብፅ የምትሠራው አንድ ሪአክተር ግን 1,200 ሜጋ ዋት ነው። በመስመር ምሕንድስና የተለመደው ጥንቃቄ አንድ ማመንጫ ከአጠቃላይ የመስመሩ አቅም ከ10 በመቶ ባይበልጥ ይመረጣል የሚል ነው። አንድ ትልቅ ሪአክተር በድንገት ሲቆም ሦስት የሕዳሴ ተርባይን በአንድ ጊዜ እንደጠፋ ነው። አገሪቱ በሙሉ ልትጨልም ትችላለች። ለዚህ ሲባል ትንንሽ ሪአክተሮች ይወራሉ። በሩሲያ ሰሜን ጫፍ ፔቬክ ከተማ ላይ ሁለት ባለ 35 ሜጋ ዋት ሪአክተሮችን የያዘ ተንሳፋፊ ጣቢያ እየሠራ ነው። በሌላ በኩል አሜሪካ ውስጥ በብዙ ተስፋ የተጠበቀው የኑስኬል ፕሮጀክት ወጪው ንሮ በጥቅምት 2016 ዓ.ም. ተሰርዟል። ስለዚህ "ትንሹን እንገዛለን" ለሚል ሰው መልሴ፣ መጀመሪያ ሌሎች ገዝተው ዋጋው ይታይ ነው።

የኛ መሬት ለየትኛው ይመቻል?

ነፋሱን ለሰሜን ሸዋ ሰው ማስረዳት አያስፈልግም። ጣርማ በር ላይ መኪና አቁሞ የሚወርድ ሰው በሩን በሁለት እጁ ነው የሚይዘው። ከጫጫ እስከ ደብረ ብርሃን፣ ከዚያም እስከ ጉዶ በረት ያለው አምባ ገላጣ ነው። ከስምጥ ሸለቆው የሚነሳው ነፋስ ገደሉን ወጥቶ በቀጥታ ያገኘዋል። ጥሩው ነገር ደግሞ ዋሻው ሳይደረስ ያለው ሜዳ በአዲስ አበባ አስፋልት የሚደረስ መሆኑ ነው። የነፋስ ማማ ክንፍ ረጅም ነው፤ ወደ ደብረ ሲና በሚወስደው ጠመዝማዛ ቁልቁለት ማለፍ ፈተና ነው። ደጋው ላይ ግን ያ ችግር የለም።

አንድ ችግር አለ። ደብረ ብርሃን 2,840 ሜትር ከፍታ ላይ ናት። እዚህ ያለው አየር ከባሕር ጠለሉ ሩብ ያህል የሳሳ ነው፤ የሳሳ አየር ክንፉን የሚገፋው በዚያው ልክ በቀነሰ ኃይል ነው። ግን የነፋስ ኃይል ፍጥነቱን ሦስት ጊዜ በራሱ እንደማባዛት ነው የሚጨምረው። ፍጥነቱ 10 በመቶ ቢበልጥ ኃይሉ 33 በመቶ ይበልጣል። ይህ ብቻውን የሳሳውን አየር ያካክሳል። ስለዚህ ባለሀብት ሲመጣ የሚጠየቀው "ነፋስ አለ ወይ?" ተብሎ አይደለም። በማማው ከፍታ ልክ ቢያንስ ዓመት ሙሉ ተለክቷል ወይ ተብሎ ነው።

ነፋስ የማይተከልበትም ቦታ አለን። የመንዝ ጓሳ ሳር በሕዝቡ ሕግ ለዘመናት የተጠበቀ ነው። ቀይ ቀበሮና ጭላዳ የሚኖሩበት፣ ትልልቅ አሞራዎች የሚያንዣብቡበት ጫፍ ነው። ነፋሱ እዚያ የቱንም ያህል ቢበረታ ማማ ሊቆምበት አይገባም። በዚህ ላይ ድርድር የለኝም። ሌላ ገላጣ ሜዳ ሞልቷል።

ፀሐይን በተመለከተ አንድ የማይታወቅ ነገር ልንገራችሁ። የሶላር ፓነል ብርሃን ይወዳል፣ ሙቀት ግን አይወድም። ፓነሉ ከ25 ዲግሪ በላይ በሞቀ ቁጥር በእያንዳንዱ ዲግሪ 0.4 በመቶ ገደማ ምርቱን ይቀንሳል። ሸዋ ሮቢት ላይ ቀትር ላይ የተቃጠለ ፓነል እስከ 15 በመቶ ሊያጣ ይችላል። የመንዝ የኅዳርና የታኅሣሥ ፀሐይ ግን ጥርት ያለ ነው፣ አየሩ ደግሞ ቀዝቃዛ። በርኖስ የሚያስለብሰው ብርድ ለፓነሉ ይስማማዋል። ሸዋ ሮቢትም ብትሆን ብዙ አትጎዳም። እዚያ ሶላር የሚፈለገው በዋናነት ለመስኖ ፓምፕ ነው፤ ሽንኩርቱ ውሃ የሚፈልገው ፀሐይ በበረታበት ወቅት ነው። ባትሪ ሳይገዛ፣ ፀሐይ ሲወጣ ይስባል፣ ስትጠልቅ ይቆማል። ናፍጣ ለሚገዛ ገበሬ ይህ ዋጋውን በቶሎ የሚመልስ ምርጫ ነው።

ኒውክሌርስ? እዚህ አካባቢ ይተከል የሚል ሰው ካለ ሁለት ነገር ይመልስ። አንደኛው ውሃ ነው። ባለ 1,000 ሜጋ ዋት ሪአክተር በማቀዝቀዣ ማማ ሲቀዘቅዝ በቀን ከ50,000 ሜትር ኪዩብ በላይ ውሃ በእንፋሎት ያጣል። በበጋ የበሬሳን ወንዝ ያየ ሰው ይህ እንደማይሆን ያውቃል። በአሜሪካ አሪዞና በረሃ ያለው ፓሎ ቨርዴ ጣቢያ በተጣራ የከተማ ፍሳሽ ነው የሚቀዘቅዘው፤ እኛ ጋ ግን ያን የሚያህል ፍሳሽ የሚሰበስብ ከተማ የለም።

ሁለተኛው የመሬት መንቀጥቀጥ ነው። ሰሜን ሸዋ የስምጥ ሸለቆው ጫፍ ላይ ነው የተቀመጠው። በ1953 ዓ.ም. በካራቆሬ አካባቢ የደረሰው መንቀጥቀጥ ማጀቴ ከተማን አፍርሷታል። በ2017 ደግሞ ከፈንታሌና ከዶፈን ወገን የተነሳው መንቀጥቀጥ ለወራት ቀጥሎ እስከ አዲስ አበባ ተሰምቷል፤ ብዙ ሺህ ሰውም ከቀዬው ተነቅሏል። ሪአክተር መንቀጥቀጥ እንዲቋቋም ይሠራል፤ ጃፓንም በዚህ ነው የምትኖረው። ግን ተጨማሪ ብረት፣ ተጨማሪ ኮንክሪት፣ ተጨማሪ ጥናት ነው። ሌላ ጸጥ ያለ መሬት ያላት አገር ይህን ጠርዝ የምትመርጥበት ምክንያት አይታየኝም።

ስለ አደጋው አንድ ነገር ልበል። ቼርኖቤልና ፉኩሺማ ያስፈራሉ፣ ያስፈራሉም እንጂ። ነገር ግን በተመረተው ኤሌክትሪክ መጠን ሲሰላ ኒውክሌር የሚያደርሰው ሞት ከነፋስና ከፀሐይ ጋር የሚቀራረብ ነው፤ ከከሰል ጋር አይወዳደርም። ፍርሃት ብቻውን ምርጫውን ሊወስን አይገባም። ያገለገለው ነዳጅ የት ይቀመጣል የሚለው ግን ከውሉ በፊት በጽሑፍ መመለስ ያለበት ጥያቄ ነው።

ግድቡ ሚዛኑን ይለውጣል

ነፋስና ፀሐይ ላይ የሚነሳው ትልቁ ቅሬታ "ሲፈልጉ ይመጣሉ፣ ሲፈልጉ ይሄዳሉ" የሚል ነው። ለብዙ አገር እውነት ነው። ለምሳሌ ኤምሬትስ እንደ እኛ ያለ ትልቅ የኃይል ግድብ የላትም፤ ሌሊት ፀሐይ ስትጠልቅ የሚተካ ነገር ያስፈልጋታል፣ ኒውክሌርም ለዚያ ይሆናታል። እኛ ግን ግድብ አለን። ነፋስ ሲነፍስና ፀሐይ ሲበረታ ተርባይኑን ቀነስ አድርጎ ውሃውን መያዝ ይቻላል። ማታ ሁሉም ሰው ምጣድና ምድጃ ሲለኩስ ውሃው ይለቀቃል። ግድቡ እንደ ጎተራ ነው፤ ያልወጣው እህል ነገ ይበላል።

ወቅቱም ይገጥማል። ወንዞች የሚደርቁት በበጋ ነው። ነፋሱ የሚበረታው፣ ሰማዩም የሚጠራው ያኔ ነው። አገሪቱ ከ90 በመቶ በላይ ኤሌክትሪኳን ከውሃ ማግኘቷ ዝናብ ሲጠፋ ምን እንደሚያመጣ በ2001 ዓ.ም. አይተናል። ፈረቃውን የሚያስታውስ ያስታውሰዋል። ያንን ጉድለት ቶሎ የሚሞላው ነፋስ ነው። ኒውክሌርም ይሞላዋል፣ ግን ከ15 ዓመት በኋላ።

ሰሜን ሸዋ እዚህ ላይ ድርሻ አለው። የጀማ ውሃ ወደ ዓባይ ገብቶ ጉባ ይደርሳል። የሞፈር ውሃን ዳገት እርከን የሠራ ገበሬ የሕዳሴን ዕድሜ እያራዘመ ነው፤ አፈሩ ተጠርጎ ግድቡ ውስጥ ከሚተኛ ማሳው ላይ ቢቀር ለሁለቱም ይበጃል። የተፋሰስ ሥራ የኃይል ሥራ መሆኑ በበቂ አይነገርም።

ለማን የቱ?

ለደብረ ብርሃን ኢንዱስትሪ ፓርክና ለለሚው ሲሚንቶ ፋብሪካ የሚያስፈልገው 24 ሰዓት የማይቆራረጥ ኃይል ነው። ለሚ በቀን እስከ 150,000 ኩንታል ሲሚንቶ እንዲያመርት ነው የተሠራው። መብራት ለደቂቃ ብልጭ ብሎ ቢጠፋ ማሽኑን እንደገና ማስነሳት ሰዓታት ይወስዳል። የኒውክሌር ደጋፊዎች ጠንካራው መከራከሪያ ይህ ነው፣ ልክም ናቸው። ግን ፋብሪካ መብራት የሚያጣው ብዙውን ጊዜ ማመንጫ ጎድሎ አይደለም። መስመሩ ተጨናንቆ፣ ማከፋፈያ ጣቢያው አርጅቶ ነው። ሪአክተር ቢገነባም ኃይሉ የሚመጣው በዚያው ሽቦ ነው። ስለዚህ ፋብሪካው መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት ሁለተኛ መስመርና ተጨማሪ ማከፋፈያ ጣቢያ ነው።

ከዋናው መስመር ርቆ ላለ የመንዝ ቤተሰብ ነገሩ ሌላ ነው። በበጋ ሴቶች ኩበት ጠፍጥፈው ሲያደርቁ፣ ሲከምሩም ታያላችሁ። ያ ኩበት ማሳ ላይ ቢወድቅ ማዳበሪያ ነበር። እንጨት ስለሌለ ምድጃ ገብቶ ጭስ ይሆናል፤ ጭሱም የእናትና የሕፃን ሳንባ ውስጥ ይገባል። አሁን ለዚህ ቤት በገበያ ያለውን ትንሽ ሶላር ሰጡት እንበል። አምፖል ይበራል፣ ስልክ ቻርጅ ይደረጋል፣ ሬዲዮ ይሰማል። ይህ ትልቅ ለውጥ ነው፤ ኩራዝ ይወጣል፣ ልጅ ያጠናል። ነገር ግን የኤሌክትሪክ ምጣድ 3,500 ዋት ገደማ ይፈልጋል። የ20 ዋት ፓነል ይህን በጭራሽ አይሞክረውም። "ሶላር ገባላችሁ" ብሎ ጉዳዩን መዝጋት ኩበቱን ምድጃ ላይ እንደነበረ መተው ነው።

ስለዚህ ከመስመሩ ብዙም የማይርቅ ቀበሌ ከሆናችሁ ጥያቄያችሁ ምሰሶና ትራንስፎርመር ይሁን። ገደል ለገደል ተራርቃችሁ ለምትኖሩ ደግሞ በጋራ የሚሠራ የሶላር ጣቢያ ከባትሪ ጋር ይሻላል፤ ወፍጮም ያሽከረክራል። ለጤና ኬላ በቀጥታ በፀሐይ የሚሠራ የክትባት ማቀዝቀዣ አለ፤ ባትሪ አይፈልግም፣ ለጥገናም ቀላል ነው። መንግሥት በ2011 ዓ.ም. ባወጣው የኤሌክትሪክ ተደራሽነት ዕቅድ 65 በመቶውን ሕዝብ በመስመር፣ 35 በመቶውን ከመስመር ውጭ ለመድረስ ነበር ያሰበው። ድርሻው ቢለዋወጥም አካሄዱ ትክክል ነበር።

ኒውክሌሩን በተመለከተ ዛሬ መደረግ ያለበት ሥራ አለ፣ ብዙ ገንዘብም አይፈልግም። ነጻ የሆነ ተቆጣጣሪ አካል ይጠናከር። የመሬት መንቀጥቀጥ መለኪያ ጣቢያዎች ይብዙ። የደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ ፊዚክስና ምሕንድስና ተማሪዎች በዚህ ዘርፍ የሚሰለጥኑበት ዕድል ይከፈት። ውሳኔው ከ10 ዓመት በኋላ ሲመጣ፣ አገሪቱ የሰው ዶሴ ከማንበብ ይልቅ የራሷ ባለሙያ ይኑራት። ከዚያ ቀድሞ ኮንክሪት ማፍሰስ ግን ቅድሚያን ማሳት ነው።

የነፋስ ፕሮጀክት ወደ ወረዳችሁ ቢመጣ ደግሞ ስብሰባው ላይ እነዚህን ጠይቁ። ካሳው ለአንድ ጊዜ ነው ወይስ በየዓመቱ? የሚሠራው መንገድ ክረምት ከክረምት ያስኬዳል? ከማመንጫው አጠገብ ያለው ቀበሌ መብራት ያገኛል ወይስ ሽቦው ከላዩ ያልፋል? ማማ የሚቆምበት መሬት ትንሽ ነው፤ በማማዎቹ መካከል ገብስም ይዘራል፣ በግም ይሰማራል። ይህም በውሉ ውስጥ በግልጽ ይጻፍ።